የቅሬው ድንኳን

ባሽር መርፌ ቢያውሱት ከነክሩ የሚመልስ ሰው ነበር። የሆጤ ሰፈር ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተሰባስቦ የሚቀባበርበት እድር፣ ቅሬው፣ ድንኳኑን ለእሱ በአደራ የሰጠውም ለዚህ ነው።

ከልብስ ስፌት ቤቱ ፊት ለፊት የኳስ ውርርድ ቤት ሲከፈት፣ መጀመሪያ የገባው ሱሪውን ሳይወስድ የቀረ ደንበኛ ፍለጋ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስወጣው! ሚስቱ ሸሪፋ ቁማር ሐራም ነው ብትለው፣ ይሄ ቁማር ሳይሆን እውቀት ነው ብሎ ተከራከራት። ጉድ እኮ ነው፤ ኮምቦልቻን እንኳ በቅጡ የማያውቅ ሰው፣ የእንግሊዝ በረኛ ጉልበቱን ሲያመው ያውቃል። እውቀቱ ግን አንዱን የስፌት መኪና በላ፤ አስከትሎም ሁለተኛውን። መቀስና ሜትር ብቻ ሲቀሩት ድንኳኑን አስጭኖ ገራዶ ላለ ድንኳን አከራይ በመያዣ ሰጠና ያገኘውን ብር ሁሉ በቅዳሜው ጨዋታ ላይ አስያዘ። ቡድኑ ያሸንፋል፤ እሑድ ድንኳኑ ይመለሳል። እስከዚያ ማን ይሞታል ብሎ ነው?

ሞት ቀጠሮ አያውቅም። ዐርብ ማምሻውን የጎረቤቱ የጋሽ ደሳለው ባለቤት፣ እትዬ አትጠገብ አረፉ። ባሽር እናቱ ስትሞትበት አጉርሰው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የነሐሴ ዝናብ እየወረደ የቅሬው ሰዎች ድንኳን ሊወስዱ መጡ። ባሽር፣ ተቀዶ ሊሰፋ ሄዷል አለ። ልብስ ሰፊ ድንኳን ለማን ያሰፋል? ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ሊቆጣ ሲል ጋሽ ደሳለው ከቤት ብቅ አሉ።

«ተዉት። ድንኳን አይተከል ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ውሸት የሚያውቁ ሽማግሌ አልነበሩም፤ ያን ቀን ግን ለባሽር ሲሉ ዋሹ። ለቀስተኛው ከቀብር መልስ ላስቲክ ወጥሮ ከሥሩ ተኮራምቶ ተቀመጠ። ጋሽ ደሳለው ባሽርን ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ለሰልስቷ ይደርሳል?»

«ወላሂ ይደርሳል፣ ጋሼ።»

ይህን ሲምል ኪሱ ውስጥ ስልኩን ጨብጧል። ጨዋታው ሊያልቅ ነው፤ ቡድኑ እየመራ ነው። አላህ ይቅር ይበለውና፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ደስ ብሎት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዶ ስልኩን ሲከፍት ግን፣ ቡድኑ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ተቆጥሮበት አቻ ወጥቷል። ድንኳኑ ሄደ።

ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንባ ያልወጣው ሰው፣ ያኔ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ እዬዬ አለ። ሴቶቹ ሮጠው ከበቡት። እናት ሆነውት ነበር እኮ እያሉ አብረውት አለቀሱ። ጋሽ ደሳለው በዝናቡ መጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት።

«በቃህ ልጄ። እንደምትወዳት ታውቃለች» አሉት።

ባሽር አንገቱን ቀና ማድረግ አቃተው። ሰዉም፣ እንዴት ቢወዳቸው ነው እያለ ከንፈሩን መጠጠለት።