ለሚቀጥለው ዓመት ተራ ዋስ

ዳኝነት የጀመርኩት ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ረገንስዶርፍ፣ በልጄ ሳሎን ውስጥ ነው። ከሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነበር። ከጄኔቭና ከዙሪክ የመጡ ወንዶች ማን ቀድሞ ተጫዋች ይምረጥ እያሉ ሲጨቃጨቁ ሻዩ ቀዘቀዘ። ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት አስጽፌ ድስት ውስጥ ጨመርኩና እያወጣሁ ጠራሁ። የማንም ደጋፊ ስላልሆንኩ ከዚያ ወዲህ እኔ እንድዳኝ ተስማሙ። ኳስ አላውቅም፤ ትምህርትም ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። አድልዎ ሲሠራ ግን አውቃለሁ።

ጨዋታው ፋንታሲ ይባላል። እያንዳንዱ ሰው በቴሌቪዥን ከሚያያቸው ተጫዋቾች በተራው እየመረጠ ቡድን ይሠራል። አንዱ የወሰደውን ሌላው አይወስድም። ተጫዋቹ ጎል ሲያገባ ነጥቡ ለመረጠው ሰው ነው። ስለዚህ ቀድሞ መምረጥ ትልቅ ነገር ነው። ዘንድሮ ጥሩ ተጫዋች ለማግኘት የሚቀጥለውን ዓመት ተራውን ለሌላ የሚሰጥም አለ።

ልውውጥ ሲኖር ሁለቱም ለየብቻ ይደውሉልኝ ነበር። የነገሩኝ አንድ ከሆነ አጸድቅ፣ ካልገጠመ እጥል ነበር። ውሳኔዬን በድምፅ ቀድቼ ለሁሉም እልክ ነበር። ዳኛ የራሱ ቡድን አይኖረውም፤ ይህንን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሙባረክ ከሁሉም ታናሽ ነበር። ዙሪክ አካባቢ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ እየኖረ ሌሬ የሚሉትን የሥራ ላይ ሥልጠና በዳቦ ጋጋሪነት ይማር ነበር። በሦስተኛው ዓመት ኔጋቲቭ መጣበት፤ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆነና ሌሬውን አስቆሙት። በዚያው ሳምንት የሚቀጥለውን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ተራውን ሰጥቶ፣ ጄኔቭ አጠገብ ቨርሷ ከሚኖር አባላችን አንድ አጥቂ ወሰደ።

ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "አገሬ ትምህርት ጀምሬ አልጨረስኩም። እዚህም ሌሬውን አልጨረስኩም። ይቺን እንኳ አንደኛ ሆኜ ልጨርስ፣ እማማ" አለኝ።

ግርማ ተቃወመ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ተሰዶ እዚያው ጄኔቭ አጠገብ ኦኔ የሚኖር፣ ነገር የሚያጠብቅ ሰው ነው። ሁላችንም በስልክ ተገናኝተን ሳለ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው የሚቀጥለውን ዓመት ተራ እንዳይሰጥ ደንብ ይውጣ አለ።

"አንተ ስትመጣ ወረቀት ይዘህ ነው የመጣኸው?" አልኩት።

"አልያዝኩም። ግን እሱ ሲሄድ ተራ የሌለውን ቡድን ማን ይረከባል? የሚረከበው ሰውስ ምን አጠፋ?"

ይህም እውነት ነበር። ስለዚህ በአገራችን ሰው እምነት ሲጠየቅ የሚደረገውን አደረግኩ፤ ዋስ ይጥራ አልኩ። ሙባረክ ከሌለ ዋሱ ቡድኑን እንዳለ ይረከባል፣ ዓመቱንም ይጫወታል።

አንዱ የሌሊት ፈረቃ አለብኝ አለ። ሌላው ልጆች አሉብኝ አለ። የቨርሷው ሰው ተጠቃሚ ስለሆነ አይሆንም። ከሌሎቹም እኔ ልሁን ያለ አልተገኘም።

"ይተዉት፣ እማማ። ልውውጡን ይጣሉት" አለ ሙባረክ።

"ዝም በል። ዋስህ እኔ ነኝ።"

"ዳኛ ቡድን አይኖረውም ብለዋል" አለ ግርማ።

"ብያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዳኛው አንተ ነህ። በል ፍረድ።"

የግርማ የመጀመሪያ ውሳኔ ልውውጡን ማጽደቅ ሆነ።

ሙባረክ ወደ አንደኛነት ወጣ። በጸደይ አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አብሮት የሚያድር ልጅ ወደ ፈረንሳይ ሳይሻገር አይቀርም አለኝ። ስልኩ ዝግ ነው። ቡድኑን ተረክቤ በየሳምንቱ አሰላለፉን ሠራሁ፤ አጥቂው ግን ጉልበቱን ተጎዳ። ሦስተኛ ወጣን። ውጤቱን በድምፅ ቀድቼ ላኩለት። ከመልእክቱ ሥር ያለችው ምልክት እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ናት፤ አልደረሰውም።

የሚቀጥለው ዓመት ምርጫ ኦኔ፣ ግርማ ቤት ነበር። ድስቱን ይዤለት ሄድኩ። ግርማ የሙባረክን ስም ሲጠራ "የተሰጠ ነው" አልኩ። በሁለተኛው ዙርም እንዲሁ። አባላቱ አዝነው አንዱን ተራ እንመልስልዎ ቢሉኝ እንቢ አልኩ፤ የተሰጠ ተሰጥቷል። ዓመቱን ሙሉ መጨረሻ ሆኜ ተጫወትኩ። ቡድኑ አሁንም በስሙ ነው።

ከእኛ በኋላ ለምትዳኙት የምለው ይህን ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ተራ የሚሰጥ ሁሉ፣ ወረቀት ያለውም የሌለውም፣ ዋስ ይጥራ። ዋስ የሆነም ቡድኑን ይረከብ።