የነቀልኩት ዶግዉድ

ሥራ ማሳደር አልወድም። እናቴ «ቀስ በይ» ስትለኝ ኖራ ደከማት። ያን ዛፍ ጉድ የሠራሁትም በዚሁ ጠባዬ ነው።

ካይሮ፣ ሄሊዮፖሊስ የምሠራበት ቤት ግቢ ውስጥ ዶግዉድ የሚባል የፈረንጅ ዛፍ ነበር። የአሠሪዬ የማዳም ባል ከመሞቱ በፊት ችግኙን ከውጭ አምጥቶ ማንጎው ሥር የተከለው ነው። ጥላ ይወዳል። አምና ማንጎው ታሞ ሲቆረጥ ፀሐይ ወረደበትና የቅጠሉ ጫፍ ያርር ጀመር። ማዳም ባሏ ድጋሚ የታመመባት ይመስል እንቅልፍ አጣች።

ብርዱ ሲገባ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ እንጨቱ ብቻ ቀረ። ማዳምም ልጇ ስለወለደች ልታርሳት እስክንድርያ ሄደች። ሁልጊዜ መልእክት የምትልክልኝ በድምፅ ነው። አንድ ዓርብ ግን ሕፃኑ ተኝቶ ነው መሰለኝ፣ ጻፈችው። እኔ ዐረብኛ እናገራለሁ እንጂ ፊደሉን አልቆጠርኩም። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር፣ ከአንዲት የወሎ ልጅ ጋር የተከራየነው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። እሷ ቁርኣን ስለቀራች ፊደሉን ታውቀዋለች። እየጎተተች አነበበችልኝ።

«ነቅል አሽሸጀራ ቡክራ።»

ዛፍ እና ነገ የሚለውን ሁለታችንም እናውቃለን። «ነቅልስ?» አልኳት።

«ነቅል ነዋ። ንቀዪው ነው የምትልሽ። ይኼም አስተርጓሚ ይፈልጋል?» ብላ ሳቀችብኝ።

አመንኩ። እንጨት ሆኖ ቆሞ የለ፣ ደርቋል፣ ተስፋ ቆረጠችበት አልኩ። በማግሥቱ ጧት ሥሩን በአካፋ እየቆራረጥኩ ነቀልኩና ከቆሻሻው አጠገብ አጋደምኩት። ላቤን ሳልጠርግ በሩ ተንኳኳ። አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ጆንያና ገመድ ይዘው ቆመዋል። «ለናእሉ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ናእልማ አውቃለሁ፤ ቤት ስንቀይር ዕቃ ማዛወር ነው። የካይሮ ሰው «ቀ»ን ይውጣታል፤ ሲጻፍ ነው ነቅል የሚሆነው። ለካ ማዳም ዛፉ ነገ ይዛወራል ማለቷ ነበር። ክው አልኩ።

ሽማግሌው ዛፉን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ፤ ውስጡ አረንጓዴ ነው። «ተኝቶ ነበር እኮ ያ ቢንቲ፣ ልጄ፤ አረንጓዴ እስካለ ድረስ ነፍስ አለው» አሉኝ። ከቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ አብረን ተከልነው። ሲሄዱ «ሥሩ ግማሹ የለም። እኔ ለማዳም አልነግራትም፤ አንቺ ንገሪያት» አሉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

አልነገርኳትም። ማዳም ከተመለሰች ወዲህ ብርዱ አለፈ፣ የጎረቤት ዛፍ ሁሉ ለመለመ። የእኛው ግን ያው እንጨት እንደሆነ ነው። በየጧቱ ሻይዋን ይዛ ትመጣና «አላቆጠቆጠም?» ትለኛለች። «ገና ነው» እላለሁ። «ማሌሽ፣ ቦታው አዲስ ሆኖበት ነው፤ ይለምዳል» ብላ እኔኑ ታጽናናኛለች። ይኼን ጊዜ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ታባርረኛለች ብዬ አይደለም የምፈራው። ባሏን ሁለተኛ እንዳልቀብርባት ነው።

ትናንት ቀድሜያት ወጣሁ። በግድግዳው በኩል ያለውን ጎን ከታች እስከ ላይ በጥፍሬ ፋቅኩት። ሁሉም ቦታ ቡኒ ነው። ቀና ስል ማዳም ከኋላዬ ቆማለች።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

ጥፍሬን በቀሚሴ ጠረግኩ። «ውስጡ አረንጓዴ ነው» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለችና ወንበር አስመጥታኝ አጠገቡ ተቀመጠች።