በቀን የተነገረችኝ ተረት

ልጅ ሳለሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት አይነገረኝም ነበር። ሕጉ የአክስቴ የዳመነች ነው። አክስቴ ያኔ አብራን ትኖር የነበረች የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያደገችው አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ማንጎና ሙዝ በሞላበት ግቢ ነው። በእነሱ ቤት በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ መንገድ ይስታል ይባላል። እኛ ያለንበት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ከብት የለንም ብዬ ብከራከር «የአባትሽ መኪናስ?» አለችኝ። «እሷም ብትጠፋ በምን ልትሄዱ ነው?»

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኦሃዮ ውስጥ በሰመር ፀሐይ ቶሎ አትጠልቅም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ካርታና ቪዲዮ እያየሁ ራሴ ነኝ የደረስኩበት። አርባ ምንጭ ለምድር ወገብ ስለሚቀርብ ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ እኩል ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። እኛ ግን ወደ ሰሜን ርቀናል፣ በዚያ ላይ ከሰዓት ቀጠናችን ምዕራቡ በኩል ነን። ስለዚህ የአክስቴ አገር ልጆች ተረታቸውን ሰምተው በሚተኙበት ሰዓት፣ እኔ ቤክስሊ ሰፈር አጠገብ ካለው አፓርትመንታችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ፀሐይዋን በዓይኔ እገፋት ነበር።

ያኔ ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስቀምጥም። ኤሲያችን ይጮኻል እንጂ አያቀዘቅዝም። አክስቴ ጋሃና የሚባል ሰፈር ካለው የጽዳት ሥራዋ ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ፣ ትንሿን ግሪል ሣሩ ላይ ታቀጣጥልና በቆሎ ትጠብሳለች። የበቆሎው ጢስ ከታጨደው ሣርና ቀኑን ሙሉ ሲግል ከዋለው አስፋልት ሽታ ጋር ተደባልቆ ልብሳችን ላይ ይቀራል። የፓርኪንጉ መብራት ቦግ ሲል «አሁን መሸ» ትላለች፣ ፍሙን ቆስቆስ አድርጋ ትጀምራለች። ጅቡም፣ ጦጣዋም፣ የአባያ ሐይቅ አዞም የሚናገሩት በእሷ የደቡብ ቅላጼ ነው። አያቴን፣ አጎቶቼን፣ ረግጬው የማላውቀውን ግቢ ሁሉ ያወቅሁት በዚያ ድምፅ ነበር።

አንደኛ ክፍል በጨረስኩበት ሰመር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ጠራችኝ።

«ሚሚዬ፣ ነይ ተረት ልንገርሽ።»

«ናው? ፀሐይ እኮ አለ!»

«ዛሬ ግድ የለም።»

«ከብቶቹስ?»

«ከብቶቹን እኔ እጠብቃቸዋለሁ» አለችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝ።

የኤሊን ተረት ነገረችኝ። ኤሊ ድሮ እንደ ሰው ሁሉ ቤቷን ትታ ነበር የምትወጣው። አንድ ቀን ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስትመለስ ቤቷ የለም። ጎረቤቱን ሁሉ ብትጠይቅ ሁሉም እንዳላወቀ ወደ ሰማይ ያያል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ቤት ሠራችና ጀርባዋ ላይ አሰረችው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ተሸክማው ትዞራለች። እኔ ሳቅሁ። ፀሐይን ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበራ! ከአክስቴ አንገት ላብ ይወርድ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

ወዲያው እናቴ መጣች። «ተነሺ፣ ፖላሪስ ሞል ሄደን ጫማ ልግዛልሽ።» አባቴ መኪናውን እፈልገዋለሁ ስላለ በባስ ሄድን፤ መንገዱ አላልቅ አለ። የሚያበራ ጫማ ተገዛልኝ፤ ሲረግጡት ቀይ ብልጭ የሚል። ለአክስቴ ላሳያት እየሮጥኩ ስመለስ ግሪሉ ታጥፎ ግድግዳው ጥግ ቆሟል፣ አመዱ ተደፍቷል። ሥራ ሄዳ ይሆናል ብዬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የፓርኪንጉ መብራት በራ። «አሁን መሸ» የሚል ሰው አልነበረም።

አባቴ አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። «አክስትሽ ጆርጂያ ሄዳለች። የአጎትሽ ሚስት ልትወልድ ነው፣ አራስ የሚጠብቅ ሰው የላቸውም።»

«አይ ኒው! እኔ አውቄ ነበር!» አለ ታናሽ ወንድሜ ከበሩ ላይ። እሱ ሻንጣዋን እየገፋ እስከ ኤርፖርት ሸኝቷታል። በአራት ዓመቱ ያወቀውን እኔ አላወቅሁም።

«እንዳታለቅሺ ብለን ነው» አለች እናቴ።

ወደ ሰማይ አየሁ። ያኔ ነው ኤሊዋ የገባችኝ። አክስቴ እየነገረችኝ ነበር፤ ግን እንደማይገባኝ በምታውቀው መንገድ። ከሁሉ የከነከነኝ ይኼ ነው። ዝም ብላ ብትሄድ ሄደች እል ነበር። እሷ ግን ሕጓን አፍርሳ፣ ያንን ሁሉ ቀን የለመንኳትን ስጦታ ሰጥታኝ፣ በሱ ሸፍና ሄደች። ጫማውን ማድረግ እንቢ አልኩ፤ ሳልረግጥበት ጠበበኝ።

አክስቴ አልተመለሰችም። ከመጀመሪያው ልጅ በኋላ ሁለተኛ መጣ፣ ከዚያ እዚያው ሥራ ያዘች። አሁን አድጌአለሁ፤ አራስ ብቻውን እንደማይተው፣ ዘመድ ሲጠራ እንደሚኬድ ለሌላ ሰው አሳምሬ ማስረዳት እችላለሁ። ለራሴ ሳስረዳው ግን መሀል ላይ ይቋረጥብኛል። ከዚያ የተረፈኝ ልማድ አለ፤ ሰው ባልጠበቅሁት ሰዓት ደግ ሲሆንልኝ ዓይኔ ሻንጣ ይፈልጋል።

በየሰመሩ ኮል ታደርግልኛለች። ባለፈው ሐምሌም ደወለች። ድምፅዋ ያው ነው፤ ትንሽ ሰልሏል እንጂ ያ የደቡብ ቅላጼ አለቀቃትም።

«እዚህ መሽቷል ሚሚዬ» አለችኝ። «አንዷን ልንገርሽ?»

በመስኮት አየሁ። የፓርኪንጉ መብራት ከበራ ቆይቷል፣ ትንኞች እየዞሩት ነው።

«እዚህ ገና አልመሸም፣ አክስቴ» አልኳት።