የእትዬ ፈንታነሽ ጃንጥላና የእኔ ጋቢና

እትዬ ፈንታነሽን የማያውቅ ሰው እኛ ትምህርት ቤት ረግጦ አያውቅም ማለት ነው። ጽዳት ናቸው። እኔ የመዝገብ ቤቷ ደሳለች ከሳቸው ጋር አስራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ሰው ሲያሙ ሰምቼ አላውቅም። ለሁለታችንም የማማው እኔ ነኝ።

ልጃቸው ብርቱካን በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛትና አፏ ተዘጋ። ያኔ ነው፣ «ልጄ አፏን ትፍታልኝ እንጂ ላሊበላ ቤተ ማርያም በገዛ እጄ ጃንጥላ አገባለሁ» ብለው የተሳሉት። ልጅቱ ተናገረች። ዛሬማ አስራ አራት ዓመቷ ነው፤ አፏን የሚዘጋላት ስለት ቢገኝ ጎረቤቱ በሙሉ ይሳላል። ጃንጥላው ግን፣ ቀዩ፣ ባለ ወርቅማ ዘርፉ፣ በፌስታል እንደተጠቀለለ ቁም ሳጥን ላይ ቀረ። አንዴ መንገዱ ይዘጋል፣ አንዴ ፈቃድ ይከለከላሉ። «ይስጡኝና ላድርስልዎ» ያላቸውም ነበር። «በገዛ እጄ ብያለሁ እኮ» አሉ፣ አለቀ።

ዘንድሮ በጥር እረፍት ለሠራተኛው የጉብኝት መኪና ተፈቀደ። ወረቀቱ ላይ «የጥበብ ጉዞ» ይላል። ወይ ላሊበላ ወይ ጎንደር፣ ተሰብስባችሁ ምረጡ ተባልን።

ሰብሳቢው ታምራት ነው። ታምራትን እሁድ እሁድ ብታዩት! ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እግዚኦ»ን ከቄሱ በላይ የሚስባት እሱ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያ በአፍንጫው በሚያወጣው ድምፅ፣ «እንግዲህ ጥበብን በተመለከተ፣ ላሊበላ ምን አለ? ድንጋይ! ድንጋይ እንደሆነ እዚሁ ጉና ተራራችን ላይ ሞልቷል» አለ።

«የጎንደርስ ግንብ በምን ተሠራ፣ በጭቃ?» አለው የታሪክ መምህሩ ሙላቴ።

«ጎንደር ስዕል አለ! አዝማሪ አለ! ቁርጥ አለ!»

ሳቅ ሆነ። ስለ ጥበብ የተባለው ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ሥጋ ተወራ። «የምንደርሰው ዓርብ ነው እኮ፣ ጾም ነው» ቢል ሙላቴ፣ ታምራት ወደኔ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ዓርብም በጓሮ የሚያበላ ቤት አውቃለሁ። ላሊበላ ግን የንስሐ አባቴ ወንድም ነው የሚያገለግለው። እዚያ ድረስ ሄጄ ሽሮ ልብላ?» አለኝ። 

እትዬ ፈንታነሽ ሻይ ሲያድሉ ቆይተው፣ ትሪያቸውን እንደያዙ በሩ ጋ ቆመው ቀሩ። ጽዳት ድምፅ አይሰጥም ተብሏል። እጅ ተቆጠረ። ላሊበላ ዘጠኝ፣ ጎንደር ዘጠኝ። የቀረሁት እኔ።

እኔን ደግሞ መኪና አይወደኝም፤ እዚህች ዓለም በር ከተማ እንኳ ሳልደርስ ያስመልሰኛል። ታምራት ይህን ያውቃል። «ደስዬ፣ ጎንደር ከሆነ ጋቢናው ያንቺ ነው» አለኝ። እትዬ ፈንታነሽ ያዩኛል። እጄን ለጎንደር አወጣሁ። እስቲ ለወንበር!

ዓርብ ንጋት መኪናው ጋ ስንሰበሰብ ጃንጥላቸውን ታቅፈው መጡ።

«አንቺ ፈንታነሽ፣ ጎንደር በጥር አይዘንብም!» ይላል ታምራት፣ እናቱ የምትሆንን ሴት አንቺ እያለ። «ለነገሩ እዚያም ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፣ አንዱ ጋ ጣል አድርጊው። ማርያም እንደሆነች አንድ ናት።»

«ለአማትህ የተሸመነ ጋቢ ለጎረቤት ትሰጣለህ ልጄ?» አሉት።

ከዚያ ማንንም ሳይሰናበቱ አስፋልቱን ተሻገሩ። እዚያ ማዶ «ጋሳይ! ነፋስ መውጫ!» የሚጮህ ሚኒባስ ቆሟል፤ ገቡበት። ከነፋስ መውጫ ወዲያ በምን እንደሚሄዱ እንኳ የሚያውቁ አልመሰለኝም። እኛ ወደ ወረታ፣ እሳቸው ወደ ጋሳይ፣ ተጀራርበን ሄድን። እኔ ጋቢናዬ ላይ ተዘፍዝፌ በስፖኪዮ አየኋቸው።

ጎንደር ግንቡን ፎቶ ለመነሳት ያህል አየነው። ከዚያ ያ ዓርብ የሚያበላው ቤት ጓሮ ገባን። ታምራት ጮማውን በቢላ እየቆረጠ፣ ቅባቱ በአገጩ እየወረደ፣ «ጥበብ ማለት ይሄ ነው!» ይላል ሞልቶ በማያውቅ አፉ። ዝንቡ ይርመሰመሳል፣ ደሙ ከሳህኑ ይንጠባጠባል። መንገድ ላይ ያላስመለሰኝ እዚያ አስመለሰኝ።

ሰኞ እትዬ ፈንታነሽ ሥራ ገቡ። ፊታቸው በፀሐይ ከስሏል፣ አንድ እግራቸውን ያነክሳሉ። ከጋሸና ወዲያ መኪና አጥተው ብዙውን በእግራቸው ነው ለካ የሄዱት።

«ስለትዎን አገቡ?» አልኳቸው።

«በገዛ እጄ» አሉ። ሳቃቸውን ያን ቀን ነው ያየሁት። ከጉያቸው በላስቲክ የተቋጠረች የቤተ ማርያም እምነት አወጡና ግንባሬን ቀቡኝ።  ሻሼን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ተቀባሁ።

ታምራት ይሄን ሲያይ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ያንን የእሁድ ፊቱን አደረገና ግንባሩን ዘረጋ። «ለኔም እትዬ፣ በረከቱ እንዳይቀርብኝ!»

ዛሬ እትዬ ሆኑ! እሳቸውም ቀቡት። እኔ አገጩን ነበር የማየው። ጉድህን አፈላዋለሁ ብዬ አፌን ስከፍት የራሴ ግንባር ትዝ አለኝ። እሱ በሥጋ፣ እኔ በወንበር፤ ምን ለየን?

ቤቴ ገብቼ መስታወት ሳይ አመዱ እንዳለ አለ። ልጥረገው ብል ፈራሁ፣ ልተወው ብል አፈርኩ።