ለታንኳዋ የታሰረው ሰደርያ

አባቴ ሞኝ አልነበረም። ዘንገና ሐይቅ ላይ በሰው ፊት የተዋረደው በሚገባው ቋንቋ ስላልተነገረው ነው። በደሉ ይህ ነው፤ በአራተኛ ክፍል ትምህርቴ ልጽፈው ተቀምጫለሁ።

በንጉሡ ጊዜ ትምህርት ቤታችን አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ነበር። ተጣጥፋ ከረጢት ውስጥ የምትገባ፣ ሸራ የለበሰች ታንኳ ነበረችው። በዕረፍት ቀኑ ዘንገና ላይ ሊቀዝፍባት ፈለገና እንዲጭንለት አባቴን ከነፈረሶቹ ጠራው። አባቴ በአገሩ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። ከቆሰበር ተነስተን እስክንደርስ፣ ለፈረንጁ የሚያስተረጉምለት ሌላ መምህር ከኋላ እየተከተለ "ቀስ! ሸራው እንዳይቀደድ! እሾህ እንዳይነካው!" ሲል አረፈደ። አባቴ የራሱን ቡሉኮ አውልቆ ጠቀለለላት። አንድ ጭረት ሳያገኛት ሐይቁ ዳር ደረሰች።

እኔ ፈረሶቹን ይዤ ከላይ ዛፍ ሥር ቀረሁ።

ፈረንጁ ታንኳዋን ገጣጠመና አባቴን ስለ ድካሙ ከፊት አስቀምጦ ሊያንሸራሽረው ወደደ። ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ፣ ጠፍር ያለው ሰደርያ ሰጠው። የራሱን ለብሶ መቅዘፊያውን ሊያነሳ ጥቂት ዞር ሲል፣ መምህሩ ለአባቴ ስለ ሰደርያው ረጅም ነገር በአማርኛ ነገረውና ፊቱን መለሰ። አባቴ ከአገውኛው ሌላ የሚያውቀው የገበያ አማርኛ ብቻ ነው። የተማረ ሰው ሲናገር አንገት መነቅነቅ ግን ያውቃል።

ከዚያ ፈረሰኛ የሚያደርገውን አደረገ። ጠፍር የሚታሰረው ለሚጋለበው ነው እንጂ ለጋላቢው አይደለም። ደግሞስ ጠዋቱን ሙሉ ታንኳዋን ጠብቅ ሲባል አልነበር? ሰደርያውን መቀመጫዋ ላይ አንጥፎ፣ ጠፍሩን አጥብቆ አስሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠበት። ወደ እኔ ቀና ብሎ በአገውኛ፣ "ለእናትሽ ንገሪያት፤ ገብስ የማትጠይቅ በቅሎ አገኘሁ" አለኝ። ፈረንጁ ሲመለስ ሰደርያውን ከጋቢው ሥር የለበሰው መሰለው።

ጥቂት ፈቀቅ እንዳሉ አባቴ ጉግስ ላይ እንዳለ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ታንኳዋ ተገለበጠች። ሰደርያው ከእሷ ጋር ተንሳፈፈ፤ አባቴ ሰመጠ። ፈረንጁ በጋቢው ጎትቶ ባያወጣው ኖሮ እዚያው ቀርቶ ነበር።

መምህሩ ለተሰበሰበው ሰው፣ "እኔ ነግሬዋለሁ። ባላገር ምን ይገባዋል?" አለ። በማግስቱም ክፍል ገብቶ "አገው ሐይቁን ኮርቻ ጫነው" ብሎ አሳቀ። ልጆቹ ዞረው አዩኝ። ጠረጴዛው ሥር ብገባ ወደድኩ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጣ። የዚያን ዓመት ለጥር ጊዮርጊስ አባቴ ፈረሱን አልጫነም። ጉግሱን እቤት ተቀምጦ በጆሮው ሰማው። ከዚያም በኋላ ጉግስ ወጥቶ አያውቅም።

መምህሩ የቡሬ ሰው ነኝ ይል ነበር። አንድ ቃል አገውኛ ከአፉ ሲወጣ ሰምተን አናውቅም። አባቴ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ አዲስ ቅዳም ከተማ ለቅሶ ሄድኩ። የሟቿ ልጅ እሱ ኖሯል። እናቱን በጠራ አገውኛ ያለቅሳታል።

በሠልስቱ ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሐዘንተኛ እንዲህ አይጠየቅም፤ እያፈርኩ ጠየቅሁት።

"መምህር፣ የዘንገናው ፈረሰኛ ልጅ ነኝ።"

"አውቄሻለሁ።"

"አገውኛ ያውቁ ኖሯል።"

"ሌላ በምን አፌን ፈታሁ?"

"ታዲያ አባቴን ለምን በአፉ አልነገሩትም? ሁለት ቃል አይበቃም ነበር?"

"ይበቃ ነበር።"

"እኮ ለምን?"

አልተነሳሁም።

"ፈረንጁ ይሰማ ነበር" አለኝ። "ከአባትሽ ጋር አንድ መሆኔን እንዳያውቅብኝ አፈርኩ።"