ደውለንለት አላነሳም

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ስናዘዝ ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ ለእናንተ ልናገረው ነው። እኔ ዋሽቻለሁ። የዋሸሁት በአንድ ንጹሕ ሰው ላይ ነው፤ ያውም በአስገድዶ መድፈር ነገር።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2020፣ ኮሮና የገባ ሰሞን ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት የአማርኛ ፕሮግራም አቀርብ ነበር። ካዚኖዎቹ ተዘግተው የላስ ቬጋስ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲቀመጥ ሰሚዬ በዛ። በየሱቁ «ጋዜጠኛዋ ሰብለ» መባል ጀመርኩ። ደስ አለኝ፤ አልክድም።

ካዚኖዎቹ ቀስ በቀስ ሲከፈቱ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። አብራት የምትኖር ወጣት ልጅ ከሺፍት ስትመለስ ሹፌር መኪና ውስጥ እንደደፈራት እያለቀሰች ነገረችኝ።

«ማነው?» አልኳት።

«ያ ሠራተኛ የሚያመላልሰው፣ ቫን ያለው ዳዊት መሰለኝ።»

«ልጅቷን ላናግራት?»

«እሷ እንኳ ማውራት አትፈልግም።»

ሴትየዋን መስማቴ ኃጢአት አልነበረም። ልጅቷ ላይ የደረሰው እውነት ነበር። የእኔ ኃጢአት ያቺን «መሰለኝ» የምትል ቃል ቆርጬ መጣሌ ነው።

ዳዊትን አውቀዋለሁ። ሆቴል የሚያጸዱ ሴቶችን ከኖርዝ ላስ ቬጋስ ካዚኖዎቹ ወዳሉበት ጎዳና፣ ወደ ስትሪፕ ያመላልሳል። መኪናዬ የተበላሸ ጊዜ እኔንም አመላልሶኛል። ቁጥሩ ስልኬ ላይ ነበር፤ አውጥቼ አየሁት። ለምን አልደወልኩም? ጊዜ አጥቼ ነው? አይደለም። ከካደ ወሬዬ እንዳይቀዘቅዝብኝ ፈርቼ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞኝ እንዳያወራውም ቸኩዬ ነበር። ላይቭ ገባሁና ስሙን ጠራሁ። ቀጥዬም ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ «ደጋግመን ደውለንለት ነበር፤ ስልኩን ሊያነሳ ፈቃደኛ አልሆነም» አልኩ።

አንድ ጊዜም አልደወልኩም።

በማግስቱ ቫኑ ባዶ ሆነ። ሴቶቹ ሌላ መጓጓዣ ፈለጉ፤ አልፈርድባቸውም። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ እኅቷ ጋ ሄደች። «ንጹሕ ከሆነ ስልክ ለምን አያነሳም?» ይል ነበር ሰው ሁሉ። ያንን ጥያቄ በሰው አፍ ያስገባሁት እኔ ነኝ። በዳዊት ላይ ያስፈረደበት የኔ ውሸት ነው።

ከዚያ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ።

«እኔን ሳይጠይቁ ማን ይናገሩ አልዎት?»

«የኔ እህት፣ ልረዳሽ ብዬ ነው...»

«ዳዊት አይደለም! በአፕ የጠራሁት የማላውቀው ሹፌር ነው። ፖሊስ ጋ ልሄድ ነበር። አሁን ብሄድ ‹ቀድሞ ዳዊት ነው ተብሎ ነበር› አይሉኝም?»



በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሙን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁ። «ተሳስተናል» አልኩ፤ ብቻዬን የሠራሁትን ጥፋት በብዙ ቁጥር ተናገርኩት። ስለ ስልኩ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ነገሩ እየዋለ እያደረ ተስተካከለ። የዳዊት ሚስት ተመለሰች፤ ቫኑም ሰው መጫን ጀመረ። ልጅቷ ልቧ ሲጠና ፖሊስ ጋ ሄዳ ቃሏን ሰጠች። ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ እንዳደርሳት መፍቀዷ ዛሬም ይገርመኛል። የቀረው የእሷ ታሪክ ስለሆነ እሷ ትናገረው።

በ2021 ጸደይ «አንተም» በሚባለው ሰፈር ያለው መናፈሻ ውስጥ ከዳዊት ጋር ተገናኘን። ልጆቹ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ሰብለ፣ እኔም ጥፋት አለብኝ» አለኝ። «ያን ሰሞን ስልኬ እየተበላሸ ያስቸግረኝ ነበር። ስትደውይ ባነሳልሽ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ይቅር በይኝ።»

እኔስ ምን አልኩ? «ኧረ ምንም አይደል፣ አለፈ» አልኩት። የበደልኩት ሰው ይቅርታ ሲለምነኝ ይቅር አልኩት! ከመጀመሪያው ውሸት ይህኛው አይብስም?

ኑሮዬ ደህና ነው፤ ተመስገን። ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ ተራሮቹ ፀሐይ ሲያገኛቸው አያለሁ፤ ባሌ ከሺፍት ሲገባ አብረን ቁርስ እንበላለን። ፕሮግራሙን አልተውኩትም። ሰሚው አንሷል፤ ሥራዬን ግን ከድሮው ይልቅ ወድጄዋለሁ። የሰው ስም ከመጥራቴ በፊት ባለጉዳዮቹን ራሳቸውን አነጋግራለሁ፤ ካልሆነልኝ ወሬው ይቀራል። ብዙ ወሬ ቀርቶብኛል፤ አልቆጨኝም። እኔ እንዲህ ደስ ብሎኝ ስኖር እሱ ግን ባልሠራው ጥፋት ራሱን ይወቅሳል። ይህ እንዴት ፍትሕ ይሆናል?

ነገ ጠዋት ቤቱ እሄዳለሁ። እንዳላፈገፍግ ብዬ አስቀድሜ ጻፍኩት። ጊዜው ክፉ ነበር፣ ሰው አሳሳተኝ አልልም። ያሳሳተኝ የለም።

ዳዊት፣ ሚስትህ አጠገብህ እያለች ልነግርህ እመጣለሁ። ይቅር ካልከኝ እሰየው፤ በሩን ከዘጋህብኝም እውነትህን ነው። ስልክህ ያን ቀን አልጠራም። አንተ ያላነሳኸው ስልክ የለም።