ቫይረሷና የእትዬ ሙላቷ ቋጠሮ

ዛሬ ልጄ ስለ አንዲት ቫይረስ ስታስረዳኝ እንባዬ መጣ። በቫይረስ ተደንቆ የሚያለቅስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አለሁላችሁ።

ለቡ መብራት ኃይል ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብላ ለፈተና ታጠናለች። ቫይረሷ የምታጠቃው ባክቴሪያን ነው አሉ። ውስጧ ዲኤንኤ የሚባል ክር አለ።

"ክሩን የሚያባዛው ኢንዛይም ከባዶ መጀመር አይችልም፣ እማዬ። መቀጠል ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን ራሱን መነሻ አድርጎ ይሰጠዋል። የመጀመሪያዋ የዲኤንኤ ፊደል እሱ ላይ ትታሰራለች።"

"ከዚያስ ፕሮቲኑ ይሄዳል?"

"የት ይሄዳል? ክሩ ጫፍ ላይ እንደታሰረ ይቀራል።"

ዞር ብዬ ቡፌው ላይ ያለውን ዳንቴል አየሁ። ልጄ ጊዜው አልፎበታል፣ አንሺው እያለች የምትጨቀጭቀኝን።

በደርግ ጊዜ መካኒሳ ስናድግ፣ እኛ ሴቶቹ ልጆች ኪሮሽ መቀጠል እንጂ መጀመር አይሆንልንም ነበር። ክራችንን ይዘን ጎረቤታችን እትዬ ሙላቷ ጋ "ይጀምሩልኝ" እያልን እንሄዳለን። አንድ ልጃቸው ግንባር ሄዶ ሳይመለስ ሲቀር የራሳቸውን ዳንቴል እርግፍ አድርገው ተዉት። ለእኛ መጀመሩን ግን አልተዉም።

እሳቸው ካረፉ ቆዩ። ዛሬ ዳንቴሉን አንስቼ መሃሉን በጣቴ ዳሰስኩት። ዙሪያው ሁሉ የኔ ሥራ ነው። መሃሉ ላይ ያለችው ቋጠሮ ግን የእሳቸው ናት፤ ንቅንቅ አላለችም።

እስኪ ንገሩኝ፣ እናንተስ በማን ቋጠሮ ላይ ነው የቀጠላችሁት?